ኮንዶሚኒየም ሥር ባለ ሱቅ ሲጋራ መያዝ፦ ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያው፣ በፍሬ መሸጥና የ10 ሜትሩ ነገር

የአባዶዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ባለች አንድ በር ሱቅ ሸቀጣ ሸቀጥ ልንጀምር ነው። በረንዳው ላይ ደግሞ ጀበና ቡናና አምስት ስድስት ዱካ ይኖራል። ሲጋራ እንያዝ አንያዝ ገና አልቆረጥንም፤ ብንይዝ ግን ሕጉን በትክክል አውቀን መሆን አለበት።

ያልገባኝን ልዘርዝር። ሲጋራ የሚያዞሩ ሰዎች ሁለት ዓይነት ፓኮ ያቀርባሉ። አንዱ ከፊትም ከኋላም ትልቅ ሥዕል አለበት። ሌላው ጎኑ ላይ በባዕድ ቋንቋ ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው፣ "እንዲያውም ኦሪጅናሉ ይሄ ነው" ይባላል። በምን ይለያል? ሁለተኛ፣ በዚህ ሰፈር ሲጋራ የሚጠየቀው በፍሬ ነው፤ ፓኮ የሚገዛ ጥቂት ነው። በፍሬ መሸጡን እንዴት ታዩታላችሁ? ሦስተኛ፣ አባት ልጁን "ሁለት ሲጋራ ይዘህ ና" ብሎ ይልካል፤ ልጁን ምን ይሉታል? አራተኛ፣ ቡና የሚጠጣ ሰው በረንዳው ላይ ቢያጨስ "ከቤት ውጭ ነው" ተብሎ ይታለፋል ወይ? ከላያችን አራት ፎቅ ሙሉ ሰው ይኖራል።

ሥራውን የምታውቁ በቁጥር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


ማስመሪያ

እህቴ፣ ከፓኮው ልነሳ። እሱ ከተፈታ የቀረው ይቀላል።

መሠረቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም ያጸደቀው። ይህ አዋጅ በሲጋራ ፓኮ ፊትና ጀርባ ላይ፣ ከእያንዳንዱ ገጽ 70 በመቶውን የሚሸፍን ሥዕላዊ የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲኖር ያዛል። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም ያጸደቀችው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 11 ከ30 በመቶ እንዳያንስ ይላል፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል ይላል። የእኛ አዋጅ ከሁለቱም አልፎ ሄዷል።

70 በመቶ ሲባል በአየር ላይ የሚቀር ቁጥር እንዳይመስልሽ፤ የልጅ ማስመሪያ ይበቃል። የተለመደው የ20 ፍሬ ፓኮ ፊቱ 5.5 ሳ.ሜ በ8.8 ሳ.ሜ ያህል ነው። ስፋቱ 48.4 ካሬ ሳ.ሜ ይሆናል፤ 70 በመቶው 33.9 ገደማ ነው። ማስጠንቀቂያው ከዳር እስከ ዳር ከታተመ ቁመቱ 6.2 ሳ.ሜ መድረስ አለበት ማለት ነው። ለምርቱ ስምና ቀለም የሚቀረው 2.6 ሳ.ሜ ብቻ ነው፣ ማለትም የአንድ አውራ ጣት ስፋት ከትንሽ በላይ። ከዚህ ያነሰ ሥዕል ካየሽ ቆም በይ። ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ ተትቶ ሥዕሉ 5 ሳ.ሜ ብቻ ስፋት ካለው ደግሞ ቁመቱ ወደ 6.8 ሳ.ሜ ማደግ አለበት፤ አለበለዚያ ሂሳቡ አይሞላም። አንዳንድ አታሚ ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር ክፈፍ አስምሮ ክፈፉንም ከማስጠንቀቂያው ጋር ይደምረዋል። ለአንቀጽ 11 የወጣው የስምምነቱ መመሪያ ግን ክፈፉ ከመቶኛው እንዳይቆጠር ይመክራል። 2 ሚሊ ሜትር ክፈፍ ትንሽ ይመስላል፤ በአራቱም ጎን ሲዞር ግን ከሥዕሉ ላይ ብዙ ይበላል።

ቦታውንም እዩት። ያው መመሪያ ማስጠንቀቂያው ከገጹ ግርጌ ይልቅ አናት ላይ እንዲሆን ይመክራል። ምክንያቱ ሱቅ ውስጥ ይገኛል፦ መደርደሪያ ላይ ፓኮ ሲደረደር የታችኛው ግማሽ በመደርደሪያው ጠርዝና በዋጋ ወረቀት ይሸፈናል፤ ኪስ ውስጥም ሲገባ ብቅ የሚለው አናቱ ነው። አናት ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ክዳኑ ሲከፈት ሥዕሉ ለሁለት ይቆረጣል። ስለዚህ ንድፉ ሲሠራ ዋናው ጽሑፍ የክዳኑ መታጠፊያ መስመር ላይ እንዳይወድቅ ይደረጋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፓኮ። ከፊትና ከኋላ ሥዕል የሌለው፣ ጎኑ ላይ ብቻ ጽሑፍ ያለው ፓኮ ለእኛ ገበያ የተሠራ አይደለም፤ ኮንትሮባንድ ነው። "ኦሪጅናል" የሚለው ወሬ የትምባሆውን ዓይነት ሊነካ ይችል ይሆናል፣ ሕጋዊነቱን ግን አያመጣም። በተቃራኒው ሥዕል ስላለበት ብቻ አትመኚ፤ ለሌላ አገር ገበያ ታትሞ ድንበር ያቋረጠ ሥዕላዊ ፓኮም አለ። ጽሑፉ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነና የትኛውን አገር ባለሥልጣን እንደሚጠቅስ አንብቢ። "በዚህ አገር ብቻ የሚሸጥ" ወይም "ከቀረጥ ነፃ" የሚል ጽሑፍ ካለው ነገሩ አለቀ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ማስጠንቀቂያው በወረቀት ታትሞ ከላስቲኩ በላይ ተለጥፏል። ጥፍርሽን ጠርዙ ላይ አስገብተሽ ሞክሪ፤ ከላስቲኩ ጋር የሚላቀቅ ማስጠንቀቂያ ፓኮው ላይ የታተመ አይደለም፤ ገዢው ላስቲኩን ሲቀድ አብሮ ይጣላል።

ስቴካውንም አትርሺ። ስምምነቱ ማስጠንቀቂያ የሚፈልገው በፓኮውም በውጭ መያዣውም ላይ ነው። 10 ፓኮ የሚይዘው ስቴካ ንጹሕ ማስታወቂያ መስሎ፣ ውስጡ ያሉት ፓኮዎች ሥዕል ያላቸው ከሆኑ አንድ ነገር ተቀይሯል ማለት ነው።

ዋጋው ለምን እንደሚረክስም ግልጽ ይሁን። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በሲጋራ ላይ የማምረቻ ዋጋውን 30 በመቶ፣ በተጨማሪም በ20 ፍሬ ፓኮ 8 ብር ጣለ። ለምሳሌ ያህል የማምረቻ ዋጋው 10 ብር የሆነ ፓኮ ብናስብ፣ 3 ብር እና 8 ብር ሲደመር 11 ብር ኤክሳይዝ ይሆናል፤ በ21 ብሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲመጣ ከፋብሪካ 24 ብር ከ15 ሳንቲም ነው የሚወጣው። የኮንትሮባንዱ ርካሽነት ከዚህ ግብር መሸሹ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ ጠይቂ፦ የሻጩ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የምርቱ ስምና የፓኮ ብዛት የተጻፈበት። "ደረሰኙን ነገ አመጣለሁ" የሚል ሰው ስቴካውን ይዞ ነገ ይምጣ።


ሰው ይከበር

በፍሬ ስለመሸጥ እኔ ልመልስ፤ ከሁሉም ጥያቄዎች የከበደው እሱ ነውና።

ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ፓኮው ላይ ነው። አጫሹ ፓኮ ይዞ ከዋለ ሲጋራ ባወጣ ቁጥር ሥዕሉን ያያል፤ በቀን አንድ ፓኮ የሚጨርስ ሰው በቀን 20 ጊዜ፣ በዓመት 7,300 ጊዜ ማለት ነው። ሬዲዮም ሆነ ፖስተር ይህን ያህል ደጋግሞ ሰው ፊት አይቆምም፤ የሥዕሉ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው። አሁን የእኛን ሰፈር ሱቅ አስቡ። የተከፈተ ፓኮ ከባንኮኒው ሥር ይቀመጣል፣ ሻጩ ሁለት ፍሬ በጣቱ መዝዞ ይሰጣል፣ መስኮቱ ላይ በክር የታሰረ ላይተር ተንጠልጥሏል፣ ገዢው እዚያው ለኩሶ ይሄዳል። ሥዕሉን ያየው ሻጩ ብቻ ነው። 70 በመቶ የሚለው ሕግ ሁሉ ባንኮኒ ሥር ቀረ።

በዚህ ላይ ዋጋ አለ። ሃያ ፍሬ የሚገዛበት ብር የሌለው የ15 ዓመት ልጅ የአንድ ፍሬ ብር አያጣም። ለዚህ ነው የስምምነቱ አንቀጽ 16 አገሮች ሲጋራን በፍሬና በትንንሽ ፓኮ መሸጥን ለመከልከል እንዲጥሩ የሚጠይቀው፤ እዚያው ላይ ምክንያቱን ሲያስቀምጥ እንዲህ ያለው ሽያጭ ለልጆች የመግዛት አቅም እንደሚፈጥር ይናገራል። ካናዳ ችግሩን በሌላ በኩል ገባችበት፦ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2023 ሥራ ላይ በዋለ ደንብ ማስጠንቀቂያው በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ፣ ፊልትሮው ዙሪያ እንዲታተም አደረገች። ያቺው አገር እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም የመጀመሪያዎቹን ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያዎች ገበያ ላይ ያዋለች ናት።

ባለሱቅ በፍሬ መሸጥን የማይተወው ትርፉ እዚያ ስለሆነ ነው። 20 ፍሬ በተናጠል ሲሸጥ ከአንድ ፓኮ የበለጠ ያስገባል፤ ላይተሩ ደግሞ ደንበኛ ያመላልሳል። እኔ የምመክርሽ ከያዝሽ በፓኮ ብቻ ያዢ፣ ካልሆነ ተይው። "በፓኮ ብቻ" ካልሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አድርጊው። ላይተሩን አትስቀዪ፤ የተከፈተ ፓኮ ሱቅ ውስጥ አይኑር። አሠራሩ የሚፈርሰው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው፦ "ለእሱማ ጎረቤት ነው፣ አንድ ፍሬ ምን አላት" የተባለች ቀን። አንድ ፓኮ ከተከፈተ 19 ፍሬ ይቀራል፤ 19ኙን ለመጨረስ ሌላ 19 ጊዜ ሕጉን መስበር ግድ ይሆናል።

ፓኮዎቹን ከጀርባሽ በመደርደሪያ አታሰልፊ። ለአንቀጽ 13 የወጣው መመሪያ ሲጋራን መሸጫ ቦታ ላይ ደርድሮ ማሳየት በራሱ ማስታወቂያ ነው ይላል፤ የእኛ አዋጅ ደግሞ የትምባሆ ማስታወቂያን፣ ማስተዋወቅንና ስፖንሰርነትን ከልክሏል። አከፋፋዩ "በነፃ" የሚያመጣው የምርት ስም ያለበት ጃንጥላ፣ ሰዓት፣ የዋጋ ሰሌዳ፣ የባንኮኒ ምንጣፍ ሁሉ እዚያው ውስጥ ይገባል። አትቀበሉ።


ባለ ግሮሰሪ

ሁላችሁም ስለ ሥዕሉ ስትጽፉ ሰው ሥዕሉን እንዴት እንደሚያልፈው አልጻፋችሁም። ገዢው "ያንን የእግር ሥዕል ያለበትን አይደለም፣ ሌላውን ስጠኝ" ይላል። ፓኮውን ጠረጴዛ ላይ በደረቱ ይደፋዋል፤ ከኋላም ሥዕል ሲያገኝ ስልኩን ይጭንበታል። ሲጋራውን ወደ ቆርቆሮ መያዣ የሚገለብጥም አለ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ሥዕሉ መኖሩንም ይረሳዋል። እና ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? ዋጋውን ቢጨምሩት አይሻልም?


ማስመሪያ

ባለ ግሮሰሪ የጻፍከው ሁሉ ይደረጋል፤ መታየት ያለበት ግን ለምን እንደሚደረግ ነው። ሰው የማይነካውን ነገር አይሸፍንም። ፓኮውን የሚደፋ፣ ስልክ የሚጭን፣ ሥዕል የሚመርጥ ሰው መልእክቱ ደርሶታል፤ መልእክቱን ለመሸሽ በቀን 20 ጊዜ እጁን እያንቀሳቀሰ ነው። በጥናት የታየውም ይኸው ነው፦ ሥዕሉን የሚሸሹ ሰዎች ስለ ጉዳቱ ማሰባቸውን አያቆሙም።

መላመድ የምትለው ግን እውነተኛ ችግር ነው። ስምምነቱም ማስጠንቀቂያዎቹ እየተፈራረቁ እንዲታተሙ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። አንድ ዓይነት ሥዕል ለዓመታት ከቆየ ዓይን እንደ ግድግዳ ያልፈዋል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥዕሎች ገበያ ላይ ይኖራሉ፣ ከጊዜ በኋላ ደግሞ ስብስቡ በሙሉ ይቀየራል። ከሥዕሉ ሥር ያለው ጽሑፍም ወሳኝ ነው። "ይገድላል" ብሎ ብቻ የሚተው ሥዕል ሰውን ያስበረግግና መውጫ ያሳጣዋል፤ ሰውም መውጫ ሲያጣ ወሬውን መካድ ይቀለዋል። በሽታውን በስም ጠርቶ፣ ማቆም እንደሚቻልና ካቆሙ ምን እንደሚሻሻል የሚናገር ጽሑፍ ነው የሚሠራው።

ሥዕሉ ምንም የማያደርግ ቢሆን ኖሮ ኩባንያዎቹ ባልተሟገቱበት። ኡራጓይ ማስጠንቀቂያውን ወደ 80 በመቶ ስታሳድግ ፊሊፕ ሞሪስ ዓለም አቀፍ የግልግል ችሎት ከሰሳት፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 ተሸነፈ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2012 የምርት ምልክቱንና ቀለሙን ጭራሽ ከፓኮ ላይ ስታነሳም ተከሳለች፤ እሷም ረትታለች። ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ካላት ከትንሿ ኡራጓይ ጋር ዓመታት የሚያሟግት ነገር ከንቱ ሊሆን አይችልም።

ዋጋን በተመለከተ ከአንተ ጋር ነኝ፤ ግን ሁለቱ አይለያዩም። የ2012ቱ አዋጅ በፓኮ የጣለው የ8 ብር ቁርጥ ግብር ገንዘቡ ዋጋ ባጣ ቁጥር ራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል፣ በየጊዜው ካልታደሰ። በአንድ ፍሬ ሲከፋፈል 40 ሳንቲም ነው፤ 40 ሳንቲም ዛሬ ምን ትገዛለች?

አንድ ተጨማሪ፣ ማንም ስላልጠየቀ። "ላይት" ወይም "ማይልድ" የሚል ቃል ፓኮ ላይ ካገኛችሁ ስምምነቱ አሳሳች ካላቸው ቃላት አንዱ ነው። ቀላል የተባለው ሲጋራ ፊልትሮው ዙሪያ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በመለኪያ ማሽን ሲጨስ በቀዳዳዎቹ አየር ይገባና ጭሱ ይቀጥናል፣ ቁጥሩም ዝቅ ይላል። ሰው ሲያጨሰው ግን ቀዳዳዎቹን በጣቱና በከንፈሩ ይደፍናል፤ ኒኮቲኑ ሲያንሰው ደግሞ ጠለቅ አድርጎ ይስባል። ወደ ሳንባ የሚገባው ያው ነው። ደንበኛ "ቀለል ያለውን" ሲል ቀለል ያለ የሚባል እንደሌለ በለሆሳስ ንገሩት።


ነርስ ዘኮተቤ

በረንዳውን ለእኔ ተዉልኝ።

አዋጁ በማንኛውም ዝግ የሕዝብ መገልገያ፣ የሥራ ቦታና የሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን ሙሉ በሙሉ ይከለክላል፤ በዚህ ላይ ከእነዚህ ቦታዎች በር፣ ከሚከፈት መስኮትና ከአየር ማስገቢያ በ10 ሜትር ውስጥ ማጨስም የተከለከለ ነው። ስለዚህ "በረንዳ ከቤት ውጭ ነው" የሚለው መልስ አይሆንም። ጥያቄው ከበሩ ስንት ሜትር ነው የሚለው ነው።

ልኩት። የ10 ሜትር ገመድ ከሌለ መካከለኛ እርምጃ 70 ሳ.ሜ አካባቢ ስለሆነ 14 እርምጃ ቁጠሩ። ከሱቃችሁ በር ብቻ አትነሱ፤ የጎረቤት ሱቅ፣ የፀጉር ቤቱ፣ የፋርማሲው በርና መስኮት ሁሉ የራሱ 10 ሜትር አለው። ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቆች ጎን ለጎን ስለሆኑ ክቦቹ ይደራረባሉ። በብሎኩ ርዝመት ምንም ክፍት ቦታ አይገኝም፤ ወደ ፊት 14 እርምጃ መውጣት ነው። እናንተ ጋ ደግሞ 14 እርምጃ ስትወጡ ታክሲ ጠባቂው ላይ ወይም ልጆቹ መጫወቻ ላይ ትደርሳላችሁ። በጠቅላላው ከዱካዎቹ በአንዱም ላይ ማጨስ አይቻልም፤ ቁርጡን ማወቅ ይሻላል።

የላይኛው ፎቅ ነዋሪ መስኮት የሕዝብ ቦታ መስኮት ስላልሆነ በዚህ ልኬት አይቆጠር ይሆናል፤ ጭሱ ግን አዋጅ አያነብም። ሞቃት ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፣ የተከፈተ ደረጃ ቤት ደግሞ እንደ ጭስ ማውጫ ይስበዋል። ከበረንዳው የተለኮሰ ሲጋራ አንደኛ ፎቅ ላይ የሕፃን አልጋ ያለበት ክፍል ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም። ከሲጋራው ጫፍ በቀጥታ የሚተነው ጭስ በፊልትሮ አያልፍም። ሕፃናት ላይ አስምን ያባብሳል፣ የሳንባ ምችና የጆሮ ኢንፌክሽን ያበዛል።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ፦ ሰው አጭሶ ሲሄድ ዕጣን ይጨመራል። ዕጣን ሽታውን ይሸፍናል እንጂ በጭሱ ውስጥ ያለውን ነገር አያወጣም፤ የራሱን ጭስ ነው የሚጨምረው። በር መክፈትና ማራገቢያም ሽታ ያቀላል፤ ደኅና አያደርግም። ለአጫሾች ተብሎ በኮምፔንሳቶ የሚከለል ጥግም እንዲሁ።

በተግባር ይህን አድርጉ። መተርኮሻ የሚመስል ነገር ከዱካዎቹ አካባቢ አንሱ፤ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ሳይቀር። መተርኮሻ ካለ ሰው ፈቃድ እንዳለ ይቆጥራል። "ማጨስ ክልክል ነው" የሚል ሥዕል ያለበት ምልክት በሩ ላይ፣ አንድ ደግሞ ቡና የሚፈላበት ፊት ለፊት፣ በተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ ስቀሉ፤ ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 1 ሜትር ከ30 ይበቃል። ብዙ ቤት ከበሩ በላይ ይሰቅለውና ዱካ ላይ የተቀመጠ ሰው አያየውም። ሰው ሲለኩስ የማዕቀፍ ስምምነቱ መመሪያ የሚያስቀምጠው ቅደም ተከተል ጥሩ ነው፦ መጀመሪያ እንዲያጠፋ በትሕትና መጠየቅ፣ ካልሰማ መስተንግዶውን ማቆም፣ ቀጥሎ እንዲወጣ መጠየቅ፣ በመጨረሻ ሕግ አስከባሪ መጥራት። ቡና ቀጂዋ ልጅ ብቻዋን እንድትናገር አይተዋት፤ የሱቁ ባለቤት ይናገር። "አባቴ፣ ከላይ ሕፃናት ስላሉ ነው" ከተባለ አብዛኛው ሰው ያጠፋል።

ሺሻ፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራና የሚሞቅ ትምባሆ መሸጥ በአዋጁ ተከልክሏል። አከፋፋዩ "ይሄ ትምባሆ አይደለም፣ ፍራፍሬ ነው" ብሎ ባለ ቀለም መሣሪያ ቢያመጣ አትንኩት።

"ማቆም እፈልጋለሁ" የሚል ደንበኛም ይመጣል። ሱቅ ሐኪም ቤት አይደለም፤ ሁለት ነገር ግን መናገር ይቻላል። ከባዱ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው፤ ንዴቱና እንቅልፍ ማጣቱ በአብዛኛው በሁለትና በአራት ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ ልኩ ይመለሳል። ይህን ስትነግሩት የጤና ጣቢያውን አቅጣጫ ጠቁሙት።


የአባዶዋ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በቁጥር የጠየቅሁት በቁጥር መጣልኝ። ጓሮውንም ፊቱንም ለካነው፤ ነርስ ዘኮተቤ እንዳሉት 14 እርምጃ ላይ የመጫወቻው አጥር ነው። በረንዳው ላይ ማጨስ አይኖርም፣ ይህ አልቋል። በፍሬም አንሸጥም።

የልጆቹ ነገር ግን አልተመለሰልኝም። "ለአባቴ ነው" የሚለውን ልጅ፣ እንዲሁም ጺም አውጥቶ ዕድሜው የማይታወቀውን እንዴት ነው?


ሰው ይከበር

ልክ ነሽ፣ ዘልዬዋለሁ። አዋጁ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። አስራ ስምንት አይደለም፣ ሃያ አንድ። ሕጉ ለማን እንደሚጨስ አይጠይቅም፤ እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው ማን ነው ነው ጥያቄው። ስለዚህ ለተላከው ልጅ መልሱ አንድ ነው፦ "ሂድና አባትህ ራሳቸው ይምጡ በላቸው፣ ሕግ አይፈቅድልኝም።" ልጁን አትቆጪው፤ እሱ ታዝዞ ነው የመጣው። አባትየው ቢቀየሙ ለእሳቸው በአክብሮት ማስረዳት ነው፤ ብዙ አባት ልጁ በየቀኑ ያንን ፓኮ ይዞ ሲመላለስ ነገሩ ተራ ዕቃ እንደሚመስለው አላሰበበትም።

መታወቂያ ስትጠይቂ አንድ ወጥመድ ተጠንቀቂ፣ ዘመን አቆጣጠር። ቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው የትውልድ ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፤ ስልክሽ ላይ የምታዪው ዓመት ደግሞ የፈረንጁ ነው። በ2004 ዓ.ም የተወለደን ልጅ ከስልኩ 2025 ላይ ብትቀንሺው 21 ይመጣል፤ በእኛው አቆጣጠር ግን ገና 14 ዓመቱ አካባቢ ነው። ሰባትና ስምንት ዓመት የምትበላ ስህተት ናት። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ አቆጣጠር አድርጊ። ባንኮኒው ውስጠኛ ጎን ላይ "ከዚህ ዓመት በኋላ የተወለደ አይሸጥለትም" ብለሽ ቁጥሩን በሁለቱም አቆጣጠር በትልቁ ጽፈሽ ለጥፊ፣ መስከረም ሲጠባና ጥር ሲገባ ቀይሪው። ሱቅ የሚጠብቀው ታናሽ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ሂሳብ መሥራት አያስፈልገውም፣ ማየት ብቻ ነው። ዕድሜው 21 ያልሞላ ጠባቂ ከሆነ ደግሞ ሲጋራውን እሱ ባይነካው ነው የሚሻለው።

መታወቂያ ያልያዘ ጺማም? "ስትይዝ ና።" ሌላ መልስ የለም።


ማስመሪያ

ያንን ሥዕል የሌለውን ፓኮ የሚያዞሩት ሰዎች ተመልሰው ይመጣሉና እሱን ልጨርስ። አትጣሊያቸው፣ አትግዢም። ማሳወቅ ከፈለግሽ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 በነፃ ይደወልበታል። ጥቆማ የሚወድቀው ዝርዝር ሲጎድለው ነው። "አባዶ አካባቢ ኮንትሮባንድ ሲጋራ አለ" ቢባል ማንም የትም አይሄድም። ይህን ያዢ፦ የምርቱ ስም፣ ፊቱ፣ ጀርባው፣ ሁለቱ ጎኖቹና ታችኛው በስልክ ፎቶ፣ በተለይ ታችኛው ወይም ጎኑ ላይ ያለው የምርት መለያ ቁጥር ሳይደበዝዝ። በዚህ ላይ ያቀረቡበት ዋጋ፣ በፓኮ ነው በስቴካ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ወረዳውና በአቅራቢያ ያለ የታወቀ ቦታ። ብልጭታው ላስቲኩ ላይ ስለሚያንጸባርቅ ፍላሹን አጥፍተሽ በር አጠገብ፣ በቀን ብርሃን አንሺው።

ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ስትሄጂም የንግድ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ዘርፍ ትምባሆን ይጨምር እንደሆነ በዚያው ጠይቂ፤ የሚሉሽን በቃል አትቀበዪ፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ያዢ።


የአባዶዋ (ጠያቂ)

ያዝኩት። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ለጊዜው ሲጋራ ሳንይዝ እንጀምራለን፤ መጫወቻው እዚያው አጥሩ ላይ እያለ አልሆነልንም። የ"ማጨስ ክልክል ነው" ምልክቱን ግን ሁለት አሠርተናል፣ አንዱ በዱካው ከፍታ።